ከፊተኛው ረድፍ የጎደለ ፊት

አክስቴን አንድ ተራ ቀን ብዙ ያስከፍላታል። ከአልጋ ለመነሳት ግማሽ ሰዓት፤ ሃያ አራቱን ደረጃ ወርዳ ለመውጣት ስድስት እረፍት፤ የቀኝ እጇ ጣቶች መቀስ እንዲጨብጡ አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ስለሚደክም የቀረውን በዳበሳ ትሠራለች። እኔና ሴት ልጄ የምንኖረው ከእሷ ጋር ነው፤ ውሃውን የማሞቀውም እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ቲያትር ቤት ፖስተር ለጣፊ ነበረች። ለሙጫ ዱቄት በውሃ አፍልታ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ፣ መንገድ ለመንገድ። የተረፈውን ወረቀት ወደ ቤት ታመጣው ነበር። የቲያትር ቤቱ አዳራሽ ከተዘጋ ወዲህ እሱን እየቆራረጠች በትልቅ ካርቶን ላይ የራሷን ቲያትር ትለጥፋለች፤ የተማሩት ኮላጅ ይሉታል። ንጉሡ የዶሮ እግር አለው። ሙሽራዋ በጃንጥላ ትበራለች። ዳኛው ከቀሚሷ ሥር አጮልቆ ያያል።

“ንጉሡ ለምን የዶሮ እግር አደረገ?” ትላለች ልጄ።

“ጫማው ጠብቦት ነዋ፣ የኔ እናት!”

ካርቶኑ ላይ ከለጠፈቻቸው ተመልካቾች መሃል፣ በፊተኛው ረድፍ፣ አክስቴ ወንድ ልጇን አስቀመጠችው። እዚያው አዳራሽ ሽማግሌ ሆኖ ይጫወት፣ ሲያስፈልግም መጋረጃ ይሰቅል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ ከመሰላል ወድቆ ሞተ። ያለ ጥጥ ጢም የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ የለጠፈችውም እሱን ነው።

“እቴቴ፣ ፎቶውን እንኳ በሱቅ ሙጫ አድርጊው፤ ገዝቼልሻለሁ” ብያት ነበር።

“አንቺ ልጅ፣ ሙጫ ልታስተምሪኝ ነው? በዱቄት የለጠፍኩት ስንቱን ዝናብ ችሏል!”

የመንገድ ግድግዳን የሚያሰጋው ዝናብ ነው፤ የእኛን ቤት ግን አይጥ። ካርቶኑ አልጋ ሥር በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስናወጣው ንጉሡም ሙሽራዋም ደህና ናቸው። የልጇ ፊት ግን ከግንባሩ እስከ አገጩ ተበልቷል። ለእሱ ስለሳሳች የዱቄት ሙጫውን ደራርባለት ነበር።

አክስቴ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

“ትኬት ሳይቆርጡ ገብተው ፊተኛውን ወንበር ያዙ” አለች። ልታስቀኝ የሞከረች መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን መቀሱን አልነካችም። ውሃውም በጣሳው እንዳለ ቀዘቀዘ።

ልጄ ከመጽሔት የሚስቅ ሰውዬ ፊት ቆርጣ “ይሄን ለጥፊበት” አለቻት። አክስቴ ጉንጯን ስማ መለሰችላት።

“እሱ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ የኔ እናት። እናቱ ትፈልገዋለች።”

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ያኔ ቲያትር ሲያልቅ ሰው በር ላይ ከተዋንያኑ ጋር ፎቶ ይነሳ እንደነበር፣ በአንዱ ፎቶ ልጇም ሊኖር እንደሚችል አስታወስኳት። ቀና አለች። “እንግዲያው ይህን ታሪክ ለሚያነቡት ጻፊልኝ” አለች፤ ቃሏ ይኸው፦

“እጀታው የነሐስ መዳፍ በሆነው የቲያትር ቤቱ ቀይ በር ላይ ፎቶ የተነሳችሁ፣ እባካችሁ አልበማችሁን እዩልኝ። ከኋላችሁ የቆመ፣ ግራ ቅንድቡ በጠባሳ ለሁለት የተከፈለ ልጅ ካለ የእኔ ነው። ፎቶውን አልወስድባችሁም፤ ኮፒው ይበቃኛል። በዱቄት አልለጥፈውም፣ ምያለሁ። ጢም አለው ብላችሁም አትተዉት፤ እኔ እላጨዋለሁ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነው።”