አራት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊው ሜትር የሚባል ነገር በእጁ አይነካም፤ የሚለካው በሲባጎ ነው። ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ግድግዳ አስደግፎ ያቆመውና ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ሲባጎ ይዘረጋበታል። ጫፉን ቋጥሮ ይቆርጠዋል፤ ጠቅልሎ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። «ቁመቱን ካወቅኩ ሌላውን ዓይኔ ይነግረኛል» ይላል። ሰፈሩም «ባለ ሲባጎ» ብሎ ሰይሞታል። በአርባ ዓመት ውስጥ «ረዘመብኝ፣ አጠረብኝ» ያለው ደንበኛ የለም። ይህንን የሚያወራው ራሱ ቢሆንም እውነት ነው።

ሰው የሚፈራው ግን በአንድ ልማዱ ነው። ደንበኛው ሲሞት ሲባጎውን ከምስማሩ ያወርድና ሟቹ ቤት ይዞት ይሄዳል። ቤተሰቡን በእጃቸው ያስይዝና «ልኩ ይኸው» ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ይወጣል። ጥቅል ሲባጎ ይዞ መንገድ ላይ ያዩት እንደሆነ፣ ሰላምታ እንኳ የማይነፍጉት ሰዎች ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ በሕይወት ያለ ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ሲባጎዎቹ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻውን እዚያ ክፍል መቀመጥ አይወድም። ከሁሉም መሃል ውሸቱ አንድ ብቻ ነበር። ከስፌት መኪናው በላይ ያለው ምስማር የሁለት ወንድ ልጆቹን ሲባጎ ይዟል። ታላቅየው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ባለ ሲባጎ ለሰው ሁሉ የሚያደርገውን ለራሱ ቤት ማድረግ አቃተው።

ያ ልጅ ገና ሲወለድ ቄስ እንዲሆን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነበር። እሱም ነገሩን ወዶት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ትርፍራፊ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየሰበከ ቤቱን በሳቅ ይገድለው ነበር። ከሞተ በኋላ አባትየው በገበታ ጸሎት ላይ «ያንን ወሰድክ፤ ይሄንን ተቀበል» ማለት ጀመረ። «ይሄ» የተባለው የስምንት ዓመት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር።

ይሄው ልጅ አድጎ፣ ሴሚናሪ ገብቶ፣ ነገ እሁድ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቅስና ሊቀበል ነው። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በዘመድ ተጨናንቋል። ወንበር ከጎረቤት ይመጣል፤ ኩባያ ይታጠባል፤ የተላከው ኬክ የሚቀመጥበት ጠፍቶ አልጋ ላይ ተቀምጧል። አባትየው የሰፋው ነጩ የቅስና ቀሚስ የጓዳው በር ላይ ተሰቅሏል። ምላሷ የማያርፈው አክስት ትሪ ይዛ ስታልፍ ቀና ብላ፣ «እንኳን ደስ ያለህ የኔ ጌታ! ምነው ቆመህ ቀረህ?» አለችው። መልስ ስታጣ ዞር ብላ አየች። ቀሚስ ነው። ሁሉም ሳቁባት። እሷ ግን ትሪውን አስቀምጣ ክንዷን አሻሸች።

«ሰው ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቁመቱን አይቼዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ልጁ ቀሚሱን ለካው። ጫፉ ወለሉ ላይ ተኛ፤ እጅጌው ጣቶቹን ዋጣቸው። ባለ ሲባጎ ተንበርክኮ ትርፉን ለካው፤ አራት ጣት። ቀሚሱን አስወልቆ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ፤ ልጁም ተከተለው።

የለካበትን ሲባጎ ቀሚሱ ላይ ዘረጋው። ልክክ አለ። ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው? ሁለቱ ጥቅሎች የተሰቀሉት ከአንድ ምስማር ላይ ነው፤ ወፍራሙን ጥቅል ያነሳው የአዋቂው ልጁ ልክ ነው ብሎ ነው። ሟቹ ልጅ ነበርና ቀጭኑን መፍታት አላስፈለገውም። አሁን ፈታው። ልጁ ላይ ሲይዘው ከአንገት እስከ ተረከዝ አንድም ጣት ሳያንስ ደረሰ፤ ልጁ ሴሚናሪ ሲገባ የለካው ሲባጎ ይሄ ነው።

ወፍራሙን ሲባጎ ከጫፉ ጀምሮ በጣቶቹ ዳሰሰው። እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቁመት ድረስ አንድ ወጥ ነው፤ እዚያ ላይ የአባትየው የራሱ ቋጠሮ አለ። ከዚያ በኋላ ቁራጭ ተቀጥሏል፤ ከቁራጩ ላይ ደግሞ ሌላ ቁራጭ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከራሱ በላይ፣ በጥቅሉ ውስጥ፣ የሞተ ልጅ ሲያድግ ኖሯል።

ሚስቱን ጠራት። ገና ሲባጎውን ስታየው ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «በየዓመቱ በልደቱ ቀን ትንሽ ትንሽ እቀጥልለት ነበር። ምን ላድርግ? እዚያው እንዲቀር አንጀቴ አልቻለም። አሥራ ስምንት ሲሞላው ግን ተውኩት።»

ቋጠሮዎቿን ያውቃቸዋል፤ እቃ እንደምትቋጥር ሁለቴ ነው የምታጠብቀው። ቆጠራቸው። ስድስት ናቸው። ከስድስተኛው በኋላ ሌላ ዓይነት ቋጠሮ ይጀምራል።

«እነዚህስ?»

እሷም ጣቷን አሳለፈችባቸውና ወዲያው እጇን ሰበሰበች። «የኔ አይደሉም። በስመ አብ! የኔ አይደሉም!»

በሩ ሳይከፈት ግድግዳው ላይ ያሉት ሲባጎዎች የተንቀሳቀሱ መሰለው።

«የኔ ናቸው፣ አባባ» አለ ልጁ።

ሁለቱም ዞሩ። ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሟል።

«እማዬ ስትተወው እኔ ቀጠልኩለት። ራሴን እለካና ከኔ አራት ጣት አስበልጬ እቋጥርለታለሁ። በጸሎትህ ውስጥ ሁልጊዜ ከኔ ይበልጥ ነበር። ልቀድመው ፈራሁ።» ቀጠለና፣ «ነገ ጳጳሱ በሰው ሁሉ ፊት ተጠርተሃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ማነው የተጠራው፣ አባባ? እሱ ከሆነ በውሸት አልቆምም፤ እቀራለሁ» አለ።

ከሳሎን የኩባያ ድምፅ ይሰማል። አክስትየዋ «ኧረ ኬኩ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ!» እያለች ትጮሃለች። ባለ ሲባጎ ወፍራሙን ሲባጎ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በጥንቃቄ ጠቀለለው። ሦስት እርምጃ ሄዶ ሚስቱ ፊት ቆመና በእጇ አስያዛት።

«ልኩ ይኸው» አላት።

እሷ ጥቅሉን ጉያዋ ውስጥ ከታ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና አለቀሰች። እሱም ከሲባጎው ልቃቂት ላይ አዲስ ሲባጎ ሳበ። የልጁን አሮጌ ልክ አልተጠቀመበትም፤ ግድግዳ አስደግፎ ከአንገቱ እስከ ተረከዙ እንደ አዲስ ለካው። ጫፉ ላይ ሲደርስ የልጁን እግር በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየ። «ይቅር በለኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ መሬት እንዳደረገ። ተነስቶ መቀሱን አነሳና ከቀሚሱ ጫፍ አራት ጣት፣ ከእጅጌውም ትርፉን ቆረጠ።

እሁድ ቀሳውስቱ የተንበረከከው ልጅ ራስ ላይ እጃቸውን ሲጭኑ፣ ባለ ሲባጎ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ሌላ ምንም አላየም፤ ዓይኑ የቀሚሱ ጫፍ ላይ ተተክሎ ቀረ። እንደገና ረዝሞ ወለሉ ላይ የሚተኛ እየመሰለው ፍርሃት ያዘው። አዲሱ ቄስ ተነሳ፤ ወደ ሕዝቡም ዞረ። ሊባርክ እጆቹን ሲዘረጋ እጅጌው አንጓው ላይ ቆመ፤ ጫፉም ጫማውን ብቻ ነካ።

«ልኩ ነው!» አለ ባለ ሲባጎ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሃል ጮክ ብሎ። ሕዝቡ ዞሮ አየው። ልጁም አየውና «አሜን» ከመባሉ በፊት ፈገግ አለ።