ወንድሜ በመብራት ሊታረቅ ሲል

ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል፤ ኪሱ ሽቦ አጥቶ አያውቅም፣ እሱም እንደ ሽቦ ደረቅ ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ አብሬው የምኖረው እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ስለዚህ ባማው አይፈረድብኝም። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ከማውጣት ጥርሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

አንዲት ልጅ አለችው። ሂሳብ ትማር ብሎ ኮሌጅ አስገባት፤ እሷ ትታው የአውቶብስ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ያን ቀን ሳሎኑ መሃል ቆሞ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» አላት። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አራት ዓመት ሙሉ አልረገጠችም።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ መሥሪያ ቤቷ የመደባት በእኛው ደጅ በሚያልፈው መስመር ላይ ነው። ፌርማታው ከአጥራችን በር ፊት ለፊት ነው። በየቀኑ ትቆማለች፣ ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ትሄዳለች። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ያያታል። እኔ የማላውቅ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ገና ሲቃረብ ልጅቷ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ከበዓሉ በኋላ መስመሬ ተቀይሯል። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው» አለችኝ። ማታ ራት ላይ ለወንድሜ ነገርኩት።

«ሄደህ ቃልህን አንሳ። ከእንግዲህ በመስኮትም አታያትም።»

ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ተመስገን፣ ሊሄድ ነው አልኩ። ለካ የሚሄደው ወደ ዕቃ ቤት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። አምፖል በካርቶን በካርቶን መጣ። የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕና መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ተዘረጋ፤ ገመዱ በመስኮት ሾልኮ ግቢውን አዳረሰው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን አምፖል ለብቻው ያዘዋል፤ አንተ ብራ፣ አንተ ጥፋ፣ አንተ ተራህን ጠብቅ። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እዚያ ላይ ይደፋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የገና መብራት ነዋ።»

«በዚህ ዕድሜህ? ለማን?»

ለማን እንደሆነ ሲሞክረው ገባኝ። መብራቱ ከአጥሩ በር ይነሳና በመተላለፊያው ግራና ቀኝ፣ በሰው እርምጃ ልክ፣ አንድ በአንድ እየበራ ወደ ቤት ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ የቤቱ በር ዙሪያውን ይበራል። «ልጄ፣ ግቢ» ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

«ደጄን እንዳትረግጪ ያልካት በአፍህ ነው፤ በአፍህ አንሳው። አምፖል ምን ያውቃል?»

«ስታየው ይገባታል።»

«ባይገባትስ?»

«ይገባታል አልኩሽ!»

እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ተውኩት።

ዋዜማው ደረሰ። በበዓል ግርግር አውቶብስ ሰዓቱን ስለማይጠብቅ መብራቱን በሰዓት ማስነሳት አልሆነለትም። አውቶብሷ ስትቆም ራሱ ቁልፉን ሊጫን ወሰነ። «ቁልፉን እኔ ልጫንልህ፣ አንተ ወጥተህ ደጅ ቁም» ብዬ ለመንኩት።

«አንቺ? ቴሌቪዥን ስትከፍቺ እንኳ ድምፁን ታጠፊያለሽ!» አለኝ።

ኧረ ወዲያ! ሹራቤን ደርቤ ጥዬው ወጣሁ። መነሻው ድረስ ሄጄ የልጅቷ አውቶብስ ላይ ተሳፈርኩ፣ ከጀርባዋ ያለው ወንበር ላይ።

«አክስቴ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ደጃችን ስትደርሺ ቀና ብለሽ እዪ ብቻ። ይሄ የመጨረሻ ዙርሽ ነው አይደል?»

«አዎ» አለችኝና ሞተሩን አስነሳች።

ደረስን። ቆመች፣ በሩን ከፈተች። መብራቱ ከአጥሩ ተነሳ። ተሳፋሪው «ውይ!» እያለ ወደ መስኮቱ ተጋፋ። እሷ መሪውን እንደጨበጠች በዓይኗ ተከተለችው። መሃል ላይ ሁለት ሦስት አምፖል ሳይበራ ታለፈ፤ ከእኔ በቀር ያስተዋለው ሰው የለም። በሩ ዙሪያውን ቦግ አለ።

«አባዬ ነው የሠራው?»

«ላንቺ ነው።»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ታዲያ እሱስ?»

እሱማ በሳሎኑ መስኮት ጀርባው ይታያል። ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ ያልበሩትን አምፖሎች ይፈልጋል። በአውቶብሱ በር አንገቴን አውጥቼ «አንተ! ኧረ አንተ ሰው!» ብዬ ተጣራሁ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ የት ይሰማል? ሮጬ ላመጣው ልወርድ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው አክስቴ። ከመጣ ራሱ ይምጣ።»

የሚወርደው ወርዶ የሚወጣው ወጥቶ አለቀ። በሩን አልዘጋችም። ዓይኗን ከቤቱ ላይ አልነቀለችም። ከኋላ መኪና ጡሩንባ ነፋ። «ሹፌር፣ እዚህ ልታሳድሪን ነው?» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው። ያኔ ዘጋችው።

«ከእንግዲህ እኔም አልጠብቅም፣ አክስቴ። ደከመኝ» አለችኝ። ምን ብዬ ላጽናናት? የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ወንድሜ በር ላይ ተቀበለኝ። «አየችው?»

«አየችው።»

«ታዲያ ሳትወርድ ሄደች እኮ። አምፖሎቹ ስለዘለሉ ነው፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ። ነይ እዪው።»

አንጀቴ አረረ። «በሩን ከፍታ ስትጠብቅ ነበር። አንተን! መብራቱን አይደለም።»

«እስከ መቼ?» አለኝ።

«ሰው እስኪጮህባት።»

በቤት ጫማው ወጣ። መተላለፊያውን አቋርጦ ፌርማታው ላይ ሄዶ ቆመ። ተከተልኩት። «የመጨረሻ ዙሯ ነበር፣ ግባ፣ ብርድ ይመታሃል» አልኩት። አልሰማኝም። ሌላ አውቶብስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ሲከፈት ወንድሜ ቀና እንኳ ሳይል፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለ።

ሹፌሩ አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ የማናውቀው ጎረምሳ ነው።

«ምን አሉኝ አባት? ይወጣሉ ወይስ ልዝጋው?»