የቆጣሪው ብርና የሰንሰለቱ በግ

መጀመሪያ የነዘረኝ ቀን እጄ ገና አረፋ ነበር። ክረምት ነው። በክፍያ የማጥብላቸውን የአስተማሪዎቹን አንሶላ አጥቤ ጨምቄ የክፍሌን በር ልከፍት ስል የቆርቆሮውን ግድግዳ በመዳፌ ደገፍሁት። አንዳች ነገር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነከሰኝ። ደንግጬ ዞር ስል የአሥር ዓመት ልጄ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ ያንኑ ቆርቆሮ በጣቷ ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ ታደርጋለች።

«እማ፣ ይኮረኩራል እኮ!» ብላ ሳቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሲዘንብ ሲዘንብ።»

ልጄ ከሞት ጋር ስትጫወት ሰንብታ፣ እኔ እናቷ አጠገቧ ተቀምጬ የሰው ልብስ አጥባለሁ።

ግቢው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ አራት የቆርቆሮ ክፍል፣ አራት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ቆጣሪው በካርድ የሚሞላው የድሮው ዓይነት ነው። ከቆርቆሮው ጋር በተጣበቀ የብረት ቋሚ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። አከራያችን ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ምድጃ የሰካ ሰው አለ ብለው ከጠረጠሩ ሄደው ለሁላችንም ያጠፉብናል።

ሄጄ ነገርኋቸው።

«እትዬ፣ ቆርቆሮው ይነዝራል። ልጄን ይገልብኛል።»

«እኔን ለምን አይነዝረኝም?»

እግራቸውን አየሁ። የላስቲክ ቦት ጫማቸው ክረምቱን ሙሉ ከእግራቸው አይወጣም።

«እርስዎማ ጫማ...»

«ኪራይ በሰዓቱ የሚከፍል ሰው አይነዝረውም!» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይኸ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከጎኔ ያለው ክፍል የፋብሪካ ሠራተኛ ወንደላጤ ተከራይቶት ነበር። እሱ ነው አንድ የሚያውቀውን የመብራት ባለሙያ ለምኖ ያመጣው። ባለሙያው ሳጥኑን አስከፍቶ ሲያይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን።

«ይኸ ጊዜው ያለፈበት ነው» አለ። «ውስጡ ነዷል። የሽቦው ልባስ ቀልጦ ብረቱን ነክቷል። አሁን የሚገባው ከሩቅ የሚነበበው፣ ስማርት የሚሉት ነው።»

«ወጪውስ?» አሉ አከራያችን።

«ቆጣሪው፣ ከምሰሶው የሚመጣው ገመድ፣ መሬት የሚቀበረው ብረት፤ ሁሉም የባለቤቱ ነው።»

«የባለቤቱ? መብራቱን የሚበላው ማን ሆነና?»

መጀመሪያ በክፍል ይከፈል አሉ። እኛም እሺ አልን። ማታውን ሲያስቡ አድረው ጠዋት በነፍስ ወከፍ አደረጉት።

«ልጅ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ፣ እትዬ?»

«ልጅሽ በጨለማ ነው የምታድር?»

የሁለት ሰው ከፈልሁ። አስተማሪዎቹን ለምኜ፣ የሁለት ወር የእጥበት ዋጋ ቀድሜ ተቀብዬ ነው። ያንን ብር በእጃቸው ሳስቀምጥ ልቤ ቀለል አለኝ፤ ልጄን የገዛኋት መሰለኝ።

በሳምንቱ ቆጣሪ ስንጠብቅ በግ መጣ። ከከተማው ዳር፣ ከዘንዘልማ በኩል በባጃጅ ተጭኖ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ባለሥልጣን ገባ።

«እትዬ፣ ቆጣሪውስ?»

«በጉን አስብቼ ለእንቁጣጣሽ እሸጠዋለሁ። ትርፉ የኔ፣ ዋናው የቆጣሪያችሁ። ምን ያስቸኩልሻል? ልጅሽን ቆርቆሮ አትንኪ ብሎ መምከር አቃተሽ?»

ገመድ ያኝካል ብለው በሰንሰለት አሰሩት። የት? ከዚያው ከቆጣሪው ብረት ጋር። «ኧረ እዚህ አይሆንም» ብሎ ወንደላጤው ቢናገር «አንተ በግ አርብተህ ታውቃለህ?» አሉት። ወደ ክፍሉ ገባ። እኛም ወደየሥራችን ተመለስን።

ለምን ጥለሽ አልወጣሽም የሚለኝ አይጠፋም። በምን ብር? ያለኝ ሁሉ በጉ ሆድ ውስጥ ነው። ለልጄ ያገለገለ ኮንጎ ጫማ ገዛሁላት። ወደ ቆርቆሮው ስትጠጋ ባየሁ ቁጥር እጇን እመታታለሁ። በመጨረሻ ሳልመታትም እጄን ሳነሳ ማልቀስ ጀመረች። ከምትሞት ታልቅስ አልሁ።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። አባራሁ ሲል ወጥቼ አንሶላ እየጨመቅሁ ሳለሁ በጉ አንዴ «ባ» ብሎ ወደቀ። እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ይንቀጠቀጣል። አከራያችን እየጮሁ ወጡ።

«በጌን! በጌን! ቢላዋ አምጡ! ሳይሞት ይባረክ! በክት ሆኖ ሊቀርብኝ ነው!»

እውነት ነው፤ ቢላዋ ሳይነካው የሞተን ማን ይበላል? ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካው። ግን እኔ የታየኝ ሰንሰለቱ ነው።

«ቁልፉን ይስጡኝ፣ መብራቱን ላጥፋው!»

«መጀመሪያ ይታረድ! አንች ልጅ፣ ነይ እግሩን ያዥ!»

ልጄ ታዛዥ ናት። ትልቅ ሰው ሲያዝሽ እሺ በይ ብዬ ያሳደግኋት እኔው ነኝ። ሮጠች። አንሶላውን ጥዬ ደረስሁባትና በጸጉሯ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኋት። ጭቃው ላይ ተዘረረች፤ ከሹሩባዋ አንዱ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ወንደላጤው ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ከነእንቅልፉ፣ በባዶ እግሩ ወጣ። አከራያችን ቢላዋውን እጁ ላይ አኖሩለት። «አትንካ!» እያልሁ እጮኻለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የእሳቸው ጩኸት ይሰማል። «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ቀንዱን ያዘ። ወመንፈስ ቅዱስ አልወጣውም። ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ እዚያው ደረቀ።

ከጣራው ሥር ከተደረደረው ደረቅ ፍልጥ አንዱን መዝዤ ክንዱን መታሁት። አለቀቀም። አጥንቱ ቢሰበር ይሰበር ብዬ ደገምሁት። ወደቀ። መዳፉ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

አከራያችን ቀረብ ብለው አጎነበሱ።

«ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፣ ይተነፍሳል» አልኋቸው።

«እሱን አይደለም» አሉኝ።

በጉ ሞቶ ነበር። ያን ጊዜ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው መብራቱን አጠፉ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «እንግዲህ የቆጣሪያችሁ ብር ሞተ፤ እንደገና ታዋጣላችሁ» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «ሰውየውን በፍልጥ የመታሽው አንች ነሽ። ማሳከሙም የራስሽ ነው» አሉኝ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። ልጄን እጇን ለደቂቃ አለቀቅሁም። እጁን አጥበው ጠቀለሉለትና እህቱ መጥታ ወሰደችው። «ክንዴን ግን ጨክነሽ ነው የመታሽኝ» አለኝ ሲሄድ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

እኔ ወደ ግቢው የተመለስሁት ፍራሽና የማጠቢያ ሳፋዬን ለማውጣት ነው። ልጄን ከበር ውጭ፣ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጥኋት። አከራያችን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«የወሩ ኪራይስ?»

«ከበጉ ላይ ይቀንሱት» አልኋቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመለስሁላቸው መልስ ይኸ ብቻ ነው። ከኋላዬ እየተራገሙ ቀሩ። ያዋጣሁትን ብር ደግሜ አላየሁትም፤ ቆጣሪው ይለወጥ አይለወጥ አላውቅም። እዚያ የቀሩት ሁለት ተከራዮች ልጅ የላቸውም፤ እግዜር ይጠብቃቸው ከማለት በቀር ጉልበት አልነበረኝም።

ሐይቁ ዳር አንዲት ወዳጅ አለችኝ፤ ባሏ ጀልባ ይጠግናል፣ እሷ ዓሣ ትሸጣለች። ሙስሊሞች ናቸው። ቤታቸው የጭቃ ነው፤ መብራት አልገባለትም፣ አንዲት የፀሐይ ፋኖስ ነው ያላቸው። ጭቃ ለብሰን በሯ ላይ ስታየን ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም።

«ግቢ፣ እህቴ። ቀድመሽ ልጅቷን ልብስ ቀይሪላት» አለችኝና የራሷን ሻርፕ ሰጠችኝ።

ልጄ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጥታ፣ ከልጆቿ መሀል ተጋድማ እንቅልፍ ወሰዳት። አጠገቧ ተቀምጬ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ብዙ አየሁ። ወዳጄ መጥታ «አሁንስ ወዴት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«ደርሰናል» አልኋት። «ልጄ ድናለች። እኔም ድኛለሁ።»