በሁለት ጾም መሃል የገዛነው ፕሪአምፕ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የእኛ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ በዋሉበት ሰሞን ነው። የማልረሳው ያኔ የገዛነው ዕቃ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ በየቀኑ ስለማየው ነው። አቧራውን በጠረግኩ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ታደለ መምህር ነው፤ ከማስተማር የተረፈ ጊዜውን ግን የሙዚቃ ዕቃ በመገጣጠም ነው የሚጨርሰው። ሸክላ ማጫወቻውን ከአንዱ፣ አምፕሊፋየሩን ከሌላው፣ ልጃችንን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ደግሞ ከተዘጋ ሆቴል እየገዛ፣ ቦሳ አዲስ ያለችውን ጠባብ ቤታችንን ሞላት። ይህ ሁሉ ተገዝቶም አይዘፍንም። የሚጎድለው ፕሪአምፕ ነው ይላል። ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ ለትልቁ አምፕሊፋየር የሚያቀብል ሳጥን ነው አሉ። እሱ ብቻ ከተገኘ ሁሉም ነገር አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ!

ስፒከሮቹ የቆሙበት ጥግ የልጃችን የሶልያና አልጋ መዘርጊያ ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጥራ እንኳን ዛሬም በእኔና በአባቷ መሃል ነው የምትተኛው። እኔ የምፈልገው ያንን ጥግ ብቻ ነበር።

ፕሪአምፕ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ታደለ ከዚያ በፊት ሁለት ገዝቷል። አንዱን ያመጣው ከአጋሮ ነው፤ ሲሰካ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ሌላውን ከሰቃ አመጣ፤ እሱ ጭራሽ ትንፍሽ አይልም።

"ሳትሞክረው ነው እንዴ የገዛኸው?" ስለው፣

"ኧረ ሞክሬዋለሁ" ይለኛል።

"ታዲያ?"

"ምሳ አበሉኝ።"

አጋሮ ጨጨብሳ በማር ቀርቦለታል፤ ሰቃ ደግሞ ጭራሽ ዶሮ ታርዶለታል። ሰው ቤት ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠግቦ ከበላ በኋላ "ዕቃችሁ ብልሽት ነው" ማለት አይሆንለትም። "የበላሁበትን ወጪት ልስበር?" ብሎ ጭራሽ እኔኑ ይቆጣኛል። ይሉኝታ እንዲህ የተጫወተበት ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ፣ አሰንዳቦ ውስጥ አባ ጊዲ የሚባሉ ሽማግሌ ጥሩ ፕሪአምፕ እንዳላቸው ነገረው። ደወለላቸው። "ኑና እዩት" አሉት። ይሄኔ መረረኝ።

"አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። "የምመርጠው እኔ ነኝ። ጥሩ ነው ካልኩ ትገዛለህ፣ እኔም ስለ ጥጉ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። አይሆንም ካልኩ ግን ሁሉም ተሸጦ የሶልያና አልጋ ይገባል።"

ተስማማ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ዕቃውን ገና ሳላየው በልቤ አይሆንም ብዬ ጨርሻለሁ።

ቀኑንም አስቤበት ነው የመረጥኩት። ረመዳን ስለሆነ ባለቤቶቹ ቀን ምግብ አያቀርቡም። እኛም ጾም ላይ ነን። ማን ምን ሊያበላኝ ነው? ከሰዓት በኋላ ደርሰን፣ ሳጥኑን አይተን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አይሆንም" ብዬ፣ ሳይመሽ ጅማ እገባለሁ። ቀኑን ሙሉ ከገበያተኛ ጋር ስከራከር የምውል ሴት ነኝ፤ ማንን ልፈራ?

አባ ጊዲ ድሮ የቡና ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከባለቤታቸው ከአዴ ዘይነባ ጋር በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ፕሪአምፑ ጠረጴዛ ላይ ከአምፕሊፋየራቸውና ከካሴት ማጫወቻቸው ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ታደለ እጁን ሲሰድ መብራት ጠፋ።

"ይመጣል" አሉ አባ ጊዲ። "አሁን ይመጣል።"

ጠበቅን። ስለ ቡና ዋጋ ተወራ፣ ስለ መንገዱ ተወራ፣ ወሬ አለቀ። ታደለን በክርኔ ጎሸም አድርጌ "እንሂድ" ስለው "ሳንሰማው ምን ብለን?" ብሎ ያፈጥብኛል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከጓሮ የዘይት ሽታ መጣ። ጉዴ እንደ ፈላ ያን ጊዜ ገባኝ።

አዛን እንደተሰማ ትሪው ቀረበ። መቼም መውጫ አላጣም ብዬ "እግዜር ይስጥልኝ አዴ፣ እኛ እኮ ጾም ነን" አልኩ።

"ኤዬ፣ አውቃለሁ እንጂ ልጄ" አሉ አዴ ዘይነባ። "ይሄኛው የእናንተ ነው። ሾርባው ሥጋ አልነካውም። ሳምቡሳው ምስር ነው፤ በሌላ ዘይት ነው የጠበስኩት፣ ወላሂ። ኛዱ፣ ብይ።"

የማያውቁኝ ሴት፣ እሳቸው ራሳቸው ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ ውለው፣ ለእኔ ጾም ብለው ሌላ ድስት ጥደዋል። ምን ላድርግ? በላሁ። ይባስ ብሎ ጣፈጠኝ፤ ሲጨምሩልኝም አልከለከልኩም።

እጃችንን ታጥበን ስንጨርስ መብራት መጣ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት?

አባ ጊዲ ካሴት ከተቱ። በግራ በኩል የሚወጣው ድምፅ ጥርት ያለ ነው። በቀኝ በኩል ግን ፈንዲሻ የሚፈነዳ ይመስል ይንጣጣል። አባ ጊዲ ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረው።

"እንግዲህ ጠባዩ ይሄ ነው፤ አልደብቃችሁም" አሉ። "ባይሆንላችሁ እኔ ምንም አይከፋኝም ልጄ። እዚሁ ይቀመጣል።"

ከዚህ በላይ ምን ይሉኝ? ታደለ አንገቱን ደፍቷል። አዴ ዘይነባ ባዶውን ሳህን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሰውየው በጨዋነት ነው እንዲህ የሚሉት፣ ቅር እንዳላሰኛቸው ብዬ አሰብኩ። የበላሁት ሳምቡሳ ትዝ አለኝ።

"ኧረ በጣም ጥሩ ነው" አልኩ።

ታደለ ቀና ብሎ አየኝ። የተናገርኩት እኔ መሆኔን ለማመን እኔም ቸገረኝ። አባ ጊዲ "እንግዲያው ይባረክላችሁ" ብለው ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ። ጊዜ ፈጀባቸው። ታደለ ሊያግዛቸው ሲጠጋ "ተው ልጄ፣ እኔ አውቀዋለሁ" አሉት።

ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና ተገኘልን። ወንዶቹ ከሹፌሩ ጋር ሲነጋገሩ አዴ ዘይነባ እጄን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ እኔስ አይሆንም ትያለሽ ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው።

ክው አልኩ።

"ሻጭ አይደለም እኮ። ማታ ማታ እሱን ሳይሰማ አይተኛም። ባልሽ ከጅማ ሲደውልለት እምቢ ማለት አሳፈረው። ቤትህ ልምጣ የሚልን ሰው እንዴት አትምጣ ይለዋል? 'ይምጡና ይዩት፤ መንጣጣቱን ሲሰሙ ራሳቸው ይተዉታል' አለኝ።"

"ታዲያ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?"

"እንግዳ ነሽ። ማል ጎዳ፣ ምን ላድርግ? አንቺም ጥሩ ነው አልሽ።"

አሁኑኑ እንመልሰው ብዬ ወደ መኪናው ስዞር እጄን አጥብቀው ያዙኝ። "እንዳታደርጊው! የሸጠው ዕቃ ተመለሰበት ሲባል በሰው ፊት ያፍራል።"

መንገድ ላይ ለታደለ ነገርኩት። ፕሪአምፑን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ፣ "እኔም እኮ አንቺን ነበር የምጠብቀው" አለኝ። መንጣጣቱን ሲሰማ ሁሉንም ዕቃ ሸጦ ሊገላገል ቆርጦ ነበር። አይሆንም እስክል ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ጉድ እኮ ነው! በዚያች ክፍል ውስጥ ያ ሳጥን እንዲሸጥ የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። አሁን ዕቃውን ብንሸጥ ደግሞ ወሬው በሬዲዮ ጠጋኙ በኩል አባ ጊዲ ጋ ይደርስና ይከፋቸዋል ብለን፣ ሁሉም እዚያው ጥጉ ላይ ቀረ።

ለፋሲካ አባ ጊዲ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ደወሉ። ታደለ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ።

"እንዴት ነው ልጄ፣ ደህና ይሰማል?" አሉኝ። ከኋላቸው ቤቱ ጭጭ ብሏል።

"አልሆነንም፣ እባክዎ ይመለስልዎት" ብል ኖሮ ሳጥኑም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፣ ልጄም አልጋ ይኖራት ነበር። ደግሞ እኮ ልለው አስቤ ነበር።

"በጣም ጥሩ ነው አባ ጊዲ። በየቀኑ እናዳምጠዋለን" አልኩ።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎብኛል።

ስልኩን እንደዘጋሁ ታደለ ላይ ጮህኩበት። የምጮኸው በራሴ ላይ እንደሆነ ግን ገብቶታል። እስከ ዛሬ አሰንዳቦ የሚለው ስም ሲነሳ ፊቴ ይግላል። እኚያ ሽማግሌ ያን ምሽት፣ ለእንግዳ ሊባል በሚችለው ቃል ሁሉ፣ ሳጥናቸውን እንድተውላቸው ለምነውኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይከፋቸው ብዬ ወሰድኩባቸው።