የአንድ ከሰዓት ቤት

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቁልፌ ነው የሚለው። ቀበቶው ላይ የሰው ቤት ቁልፍ አንጠልጥሎ፣ በሊፍት ሲወጣና ሲወርድ ያረጀ ደላላ ነው። የሚያከራያቸው አፓርታማዎች መታጠቢያ ቤት እንኳ እሱ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከሚኖርባት ክፍል ይሰፋል። ይህን ራሱ እየቀለደ ያወራዋል፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ግን ይከፋዋል።

ልጁ ልታገባ ነው። የእጮኛዋ ወላጆች ቤታችሁ መጥተን ከቤተሰቡ ጋር መተዋወቅ እንፈልጋለን ብለው ላኩ። ልጅቷ፣ የምንኖርበትን ነግሬያቸዋለሁ፣ ግድ የላቸውም ብላ ለመነችው። እሱ ግን መስማትና ማየት ለየቅል ነው፣ ነገ እነሱ ዘንድ አንገትሽን ደፍተሽ እንድትኖሪ አልፈልግም፣ በቅርቡ ቤት ቀየርን እንላለን ብሎ ድርቅ አለ። ሚስቱ እንደ ልማዷ “አንተ ካልክ” አለች።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ዕቃው የተሟላ፣ ተከራይ ያጣ የቅንጦት አፓርታማ በእጁ ነበር። የአፓርታማው ባለቤት ያሉት ሌላ አገር ነው። እሁድ ከሰዓት ሦስቱም ገቡበት። ሚስቱ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደያዘ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ የገዛ ብርጭቆዋ የት እንዳለ አታውቅም እንዳይሏት፣ የኩሽናውን መደርደሪያ አንድ በአንድ እየከፈተች አጠናች።

እንግዶቹ ከልጃቸው ጋር መጡ። እናትየው ሳቂታ፣ አባትየው ዝምተኛ ናቸው። ሻይ ተቀዳ፣ ጨዋታው ደራ። ሚስትየዋ እንኳ ቀስ በቀስ ወደ ሶፋው መሃል ገባች። ኋላ አባትየው ዙሪያቸውን ቃኘት አድርገው፣ “ደስ የሚል ቤት ነው” አሉ።

ጉዱን ያመጣችው ይህቺ ቃል ናት። ጋሽ ቁልፌ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲሰማ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብድግ አለ። መጋረጃውን ገለጠና የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ አሳየ። ኩሽና ገብቶ ቧንቧውን ለቀቀው። ውሃ ጠፍቶ እንደማያውቅ፣ መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር እንዳለ፣ ጎረቤቶቹ ጨዋ መሆናቸውን ዘረዘረ። ሚስቱ ሆን ብላ ሳለች፤ አልሰማትም።

“አባዬ፣ ቁጭ በል” አለች ልጁ በለሆሳስ።

እሱ የትንሿን መኝታ ቤት በር ከፍቶ ቆሟል። “ይቺ ለልጆች ትሆናለች” አለ። “ልጆች አሏችሁ?”

እናትየው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ከዚያ የልጅቷን ፊት አዩና ሳቃቸውን ዋጡት። እጮኛዋ ጫማውን ያያል።

“ኪራዩ እንዴት ነው?” አሉ አባትየው፣ ዝምታውን ለመስበር ብለው ሳይሆን አይቀርም።

“እሱን እንነጋገራለን” አለ ጋሽ ቁልፌ። አፉን የያዘው ካመለጠው በኋላ ነው።

አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልተቆጡም፣ አላፌዙም። እንዲያውም ለሚጋቡት ልጆች አነስ ያለ ቤት እያፈላለጉ እንደነበር ነገሩትና ስልክ ቁጥሩን ጠየቁት። እሱ ቁጥሩን ሲጠራ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው እየመዘገቡ ነበር። ከጎናቸው ስለቆመ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ “ደላላ” ብለው ሲጽፉ አየ። ልጅቷም አየች።

ተነስታ፣ እንግዶቹ ገና ሳይሄዱ፣ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እያጠበች ወደነበሩበት መደርደሪያ ትመልስ ጀመር።