ጆምሬ ያልገዛችው ሙቀት

ጆምሬን በእኛ መንደር በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከደሴት ተድራ ስለመጣች ሁሉም "የደሴቷ" ይላታል። ባሏ እንኳ በሕይወት ሳለ "ስሚ እስቲ" ከማለት አልፎ አያውቅም። ስሟን የምትጠራው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም በዓመት አንድ ቀን፣ በብርዱ ወራት፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያዋ ጨረቃ በምትሞላበት ዕለት፣ ፀሐይ ሳትወጣ።

ያቺ ሴት ፒልሱን ናት፤ የባሏ የታላቅ ወንድሙ ሚስት። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። በዚያ ማለዳ ሰው በስምህ ጠርቶህ "አቤት" ካልህ አለቀልህ፤ "ሙቀቴን ግዛ" ይልና የመጪውን በጋ ሐሩር አንተ ላይ ጭኖ ይሄዳል። የልጆች ጨዋታ ነው፤ ፒልሱን ግን ሰባን አልፋም አልተወችውም። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ጆምሬ!" ትላለች።

"አቤት እትዬ" ትላለች ጆምሬ እንቅልፍ ባለቀቀው አንደበት።

"ሙቀቴን ግዢኝ!"

"ምነው እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ?"

"ከሲታ ነሽ፤ ትንሽ ሙቀት ቢጨመርልሽ ምን ይጎዳሻል?"

ጆምሬ አልወለደችም። ፒልሱን ከባሏ ጋር ለዓሣ ባሕር ስትወርድ ልጇን ኪቾልን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ልጁም "ትንሿ እማዬ" ይላታል። ኋላ ታላቅየውን ወንድም ባሕር በላው፤ ታናሽየውን የሳንባ ሕመም ጨረሰው፤ ኪቾልም ፋብሪካ ተቀጥሮ ፑሳን ከተማ ገባ። ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ በየቀኑ እየተነታረኩ ቀሩ።

ያን ዓመት ጆምሬ ቆረጠች። በዋዜማው ሱቅ ደጃፍ ለተቀመጡት ሴቶች "ነገ ሰማይ ቢደፋ አቤት አልልም" አለቻቸው። ሳቁባት።

ሌሊቱን ያካፋው ዝናብ ሲነጋጋ በረዶ ሆኖ ግቢውን ለብጦት ነበር። ጆምሬ ገና ከመኝታዋ ሳለች ተጠራች።

"ጆምሬ!"

ብርድ ልብሷን ወደ አፏ ሳበችና ሳቋን አፈነች።

"ጆምሬ... ኧረ ጆምሬ።"

ድምፁ እንደ ወትሮው ከአጥሩ በላይ አልመጣም፤ ዝቅ ብሎ ነው የተሰማት። ዘንድሮ ደግሞ የታመመች መስላ ልታታልለኝ ነው፣ ብላ አሰበች። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ጆምሬ ደስ አላት። ተነሥታ እሳት አያያዘች፤ ከአምስት እህል ጋር የተቀቀለውን ሩዝ በሳህን ጨለፈች፤ በዚያ ቀን ጥርስ ያጠነክራል ተብሎ የሚሰበረውን ለውዝ በኪሷ ያዘች። ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካ፣ ሙቀት መሸጫው ሰዓት አልፏልና፣ ልታበሽቃት ወደ ጎረቤት ተሻገረች።

ፒልሱንን በግቢዋ ካሉት የድልህ ጋኖች ሥር በረዶው ላይ በጎኗ ተጋድማ አገኘቻት። ድልህ ልትጨልፍ ወጥታ አዳልጧት ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር በደም ተጣብቋል። ጆምሬ ሳህኑን ጥላ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ዘንድሮስ አሸነፍሽኝ" አለች ፒልሱን።

"እትዬ፣ ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። በርዶኛል፤ የምለብሰው ነገር አምጪ።"

ከተማው ሆስፒታል ደርሳ ከሰዓት በኋላ አረፈች። ማታ የመንደሩ ወጣቶች ጨረቃዋ ስትወጣ በከበሮ ሊለኩሱት የቆለሉትን የጭድና የጥድ ክምር እንተወው ወይስ እናቃጥለው ብለው ተከራከሩ፤ መጨረሻ ላይ ያለ ከበሮ ለኮሱት። ጆምሬ ያኔ የፒልሱንን ጫማ እቅፏ ውስጥ ይዛ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ኪቾል መጥቶ እናቱን ቀበረ። ሰው ሁሉ "አዳልጧት ወደቀች" አለው፤ ጆምሬ መጠራቷን አልነገረችውም። በበጋው ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሷ በቀትር የፒልሱንን የበርበሬ መደብ ትኮተኩት ነበር። የመንደሩ ሊቀመንበር ሚስት ከመንገድ ላይ "የደሴቷ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ? ግቢ እንጂ!" ብላ ጮኸችባት።

"ይሄ የሷ ሙቀት ነው" አለች ጆምሬ፣ ቀና ሳትል።

በመኸሩ ጨረቃ በዓል ኪቾል የመቃብሩን ሣር ሊያጭድ መጣ። አዲሱን ሩዝና በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት የበሰለውን የጨረቃ ቂጣ ደርድረው ሰገዱ። ከዚያ ኪቾል የቀረውን ሣር እያጨደ "ትንሿ እማዬ፣ ብዙ ተሠቃይታ ይሆን?" አላት።

"ጠርታኝ ነበር" አለች። "ሁለት ጊዜ። ሰምቻታለሁ። ሙቀት ልትሸጥልኝ መስሎኝ አቤት አላልኩም።"

ኪቾል ሣሩን ማጨድ ቀጠለ። የታጨደውን ስፍራ እንደገና አጨደው። ከዚያ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ። ቂጣው እንደተደረደረ ቀረ፤ ጆምሬ ሰብስባ ወደ ቤቷ ይዛው ገባች፤ ግን አልቀመሰችውም።

ለአዲስ ዓመት አልመጣም። በቀጣዩ መኸርም "ሥራ በዛብኝ" ብሎ በስልክ ተናገረ። ሣሩን ጆምሬ ራሷ አጨደችው፤ ጉልበቷ እምቢ እስኪል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ብርዳማ የክረምት ቀን ሳይነግራት ከሚስቱ ጋር መጣ። ምሳ አቀረበችላቸው፤ በሉ። የዘመመውን አሸንዳዋን አቃንቶ አሰረላት። ስለ እናቱ ምንም አላነሣ፤ እሷም አልደፈረችም። ሲሄዱ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻቸው። ኪቾል ከመሳፈሩ በፊት የሻርፗን ጫፍ ወደ አንገቷ መለሰላትና "ብርዱ ይጎዳሻል፤ ግቢ" አላት። አውቶቡሱ ታጥፎ ከዓይን ከጠፋም በኋላ ጆምሬ እዚያው ቆማ ቆየች።