የጋሽ ታረቀኝ የመጨረሻው ጋን

ከመርሳ ከተማ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ወይን ሲያለሙ የኖሩትን የጋሽ ታረቀኝን መርዶ ለምታውቋቸው ሁሉ የምነግራችሁ እኔ ጎረቤታቸው ሰይድ ነኝ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ይህን መጻፍ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔ መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ብዕር ብዙም አይቀናኝም። ይቅርታችሁን።

ጋሽ ታረቀኝ በወጣትነታቸው ሩቅ አገር በወይን እርሻ ሠርተው ሲመለሱ ያመጡትን ቁራጭ ሐረግ ነበር እዚያ ዳገት ላይ የተከሉት። «ማሽላ እንኳ እንቢ ባለበት?» ተብለው ተስቆባቸዋል። እሳቸው ድንጋይ ለቅመው እርከን ሠሩ፤ ውኃ በጀሪካን እየተሸከሙ አጠጡ። በየዓመቱም ከሚለቅሙት ጥቁር ወይን ትንሽ ቀይ የወይን ጠጅ ይጠምቁ ነበር። ስኳር የሚባል ነገር አያስጠጉበትም። ቀማሹ ፊቱን አጨማዶ «ምነው ትንሽ ማር ጣል ቢያደርጉበት?» ሲላቸው፣ «ማር ካማረህ ጠጅ ቤት ሂድ!» ብለው ያባርሩታል። በዚህ አመላቸው ጠጪ እየራቃቸው ሄደ። ከሰዓት በኋላ በራፋቸው ላይ አንዲት ብርጭቆ ይዘው፣ ቁልቁል መንገዱንና የሚያልፈውን አውቶቡስ ብቻቸውን ሲያዩ ያመሻሉ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ወይናቸውን እስክጠግብ በልቻለሁ፤ ጠጃቸውን ግን በምላሴ አልነካሁም። እሳቸውም አንድም ቀን ቅመስ ብለውኝ አያውቁም። ሲኮተኩቱና ሲመለምሉ አግዛቸዋለሁ፤ መጭመቅ ሲጀምሩ ግን «በል ሰይዶ፣ አሁን ወደ ቤትህ!» ይሉኛል። እናቴ በሞተች ጊዜ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እሳቸው ብቻ ዳገቱን እየወረዱ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። መቀመጥ ብቻ።

ታዲያ አንድ ዓመት ከባድ ጉንፋን ታመው ሲነሱ ሽታም ጣዕምም ጠፋባቸው። ጠጁ ይጣፍጥ ይኮምጥጥ መለየት አቃታቸው። አስጠሩኝና የጋኑን ክዳን ከፍተው «እስቲ አሽትትልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔን? ከጠጪዎቹ አንዱን አይጠይቁም?»

«ጠጪማ እንድቀዳለት ያሞግሰኛል። አንተ ምን ልታገኝ ትዋሸኛለህ? አሽትት እንጂ ጠጣ አልኩህ እንዴ!»

ወላሂ አፈርኩ፤ ግን አሸተትኩ። አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። «ጋሼ፣ ኮምጣጤ ሆኗል» አልኳቸው። በባልዲ እየቀዱ ዳገቱ ላይ ደፉት። የዓመት ልፋታቸው ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው «እግዜር ይስጥህ፣ እንግዳ ፊት ከመዋረድ አዳንከኝ» አሉኝ። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማሽተት የእኔ ሥራ ሆነ። ገበያው ውስጥ «የሰይድ አፍንጫ ሰከረ!» እያሉ አላገጡብኝ። ያላግጡ። ጥሩ በሆነ ዓመት «ዘንድሮስ አምሮልዎታል» ስላቸው እንደ ሕፃን ነበር የሚደሰቱት።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸው። ወይኑን እኔ ለቅሜ በራፋቸው ድረስ አደረስኩላቸው፤ እሳቸው ተቀምጠው በእጃቸው ጨመቁት። ብዙም ሳይቆዩ አልጋ ያዙ። ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር «አሸተትከው?» ይሉኛል። «ገና ነው ጋሼ፣ ይቆይ» እላቸዋለሁ፤ እውነትም ገና ነበር። «ይኼኛው ከሆነልኝ ጎረቤቱን ሁሉ እጠራለሁ። ማርም ይዞ የሚመጣ ይምጣ፣ አልቆጣም» አሉኝ። ጋኑ ሳይከፈት አረፉ።

ጋሼ፣ ከቀብርዎ ማግስት የቤትዎን ቁልፍ ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ለቀስተኞቹ «ጠጁ ግሩም ነው ብለህ ንገረን፣ ለስማቸው» ብለውኝ ነበር። እርስዎ ግን እኔን ያመኑኝ ስለማልዋሽዎ ነው። ክዳኑን አነሳሁ፣ አሸተትኩ፣ ደግሜም አሸተትኩ። ኮምጥጧል ጋሼ። እንደ ልማድዎ ልደፋው ባልዲ ይዤ ጎንበስ አልኩ። እጅዎ የጨመቀው የመጨረሻው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን አቃተኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሰላም ይረፉ። ጋኑን መልሼ ከድኜዋለሁ።